ሰኔ 8ን በድሬ እናክብር ስንል፦ ጭፈራ ብቻ ወይስ ስለ አረጋውያን ጥቃትም ይወራ?

የሳቢያን ልጅ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆችም ጭምር። ምክር ፈልጌ ነው።

የሰፈራችን ወጣቶች ዘንድሮ ሰኔ 8ን ለማክበር ተነስተናል። ቀኑ በዓለም ደረጃ የአረጋውያን ጥቃት ግንዛቤ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ በ2011 መጨረሻ ላይ በይፋ ተቀበለው። ሐሳቡ ሲቀርብ ሁሉም ደስ አለው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የወጣው ፕሮግራም ይሄ ነው። ከኦሮሞ፣ ከሶማሌ፣ ከሐረሪ፣ ከአማራ፣ ከጉራጌ፣ ከዓረብ ወገን አንድ አንድ አረጋዊ በባህል ልብስ ደምቀው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይመርቃሉ። የየቤቱ ምግብ ይቀርባል። ጭፈራ አለ፣ ፎቶ አለ። በቃ። ቁርጥ ኅዳር 29ን፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀንን። «ስለ ጥቃቱስ ማን ነው የሚያወራው?» ብዬ ብጠይቅ «በዓል ላይ ለቅሶ አታምጣብን» ተባልኩ። ሌላው ደግሞ «የአንዱን ብሔር ገመና ካነሳህ ሌላው ይቀየማል» አለኝ።

ድብልቅነታችን እኔንም ያኮራኛል። ግን ቀኑ ስለ ምን እንደሆነ ሳንናገር ብናከብረው ምኑን አከበርነው? እናንተ ምን ትላላችሁ?

አቦ ተወኝ

አቦ አታካብዳ! ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው። እናታቸውን ተቋም አስገብተው በዓመት አንዴ አበባ ይዘው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። መጋላ ተወልዶ የጎረቤት አያት ሳይላላክ ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። እዚህ ጎረቤት ያያል፣ ይሰማል፣ በር አንኳኩቶ ይገባል። ሽማግሌ እየተበደለ ዝም የሚል ሰፈር የለንም። ጨፍሩ፣ ሙሸበካችሁን ብሉ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

ነርሷ

አቦ ተወኝ፣ ጎረቤት ያያል ያልከው ልክ ነህ። ያያል። አይናገርም እንጂ።

የምሠራው ጤና ተቋም ውስጥ ነው፤ የት እንደሆነ ይቆየኝ። በሙቀቱ ወራት አረጋውያን ሰውነታቸው ውኃ አጥቶ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ይመጡልናል። አንዲት እናት ልጃቸው ይዟቸው መጣ። «ውኃ አትወድም፣ ስንሰጣት እንቢ ትላለች» አለ። እሳቸውም እሱ አጠገባቸው ቆሞ እያለ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ልመረምራቸው ነው ብዬ አስወጣሁት። በሩ ሲዘጋ እጄን ያዙና ነገሩኝ። ሌሊት ፍራሽ ያረጥባሉ። ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በኋላ ውኃ አይሰጣቸውም። ጀሪካኑም እሳቸው የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል።

ማንም አልመታቸውም። ቁስል የላቸውም። ቤቱም ውስጥ ጩኸት አልተሰማም። ጎረቤት ምኑን ሰምቶ ያንኳኳል?

አቦ ተወኝ

ያሳዝናል። ግን ይሄ ድህነት ነው እንጂ ጥቃት አይደለም። ድሬ ውስጥ ውኃ ስንት ቀን እየጠፋ እንደሚቆይ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ሰው ራሱን ማኖር ሲያቅተው «በዳይ» ብለን ስም ልንለጥፍበት ነው?

ነርሷ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ሥራ ላይ ሁሌ የምጠይቀው ነው። ሁሉም ችግረኛ ሲሆን ችግር ነው። ልጆቹም አያቷም አንድ ዳቦ ሲካፈሉ ማንንም አልወቅስም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሰፈራችን አንድ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ቬንትሌተር አለ፣ መኝታ ቤት ቬንትሌተር አለ፣ እናትየው ያሉበት ጓሮ ያለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ግን የለም። በሰኔ! የድሬን ቆርቆሮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የነካ ያውቀዋል። ያ ድህነት ነው?

ደግሞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች 1ዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት በደል ይደርስበታል። በብዛት አንደኛው ዱላ አይደለም። ስድብ፣ ዛቻ፣ ማዋረድ ነው። ቀጥሎ ገንዘብ። ከዚያ ችላ መባል። ዱላው የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ግን ደም ካላየን ጥቃት አንለውም።

ባቡረኛው ጡረተኛ

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የጻፋችሁትን አነበበችልኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ውስጥ ነው። ከዚራ ተቀምጬ ቡና የምጠጣቸው ጓደኞቼ ሁሉ ጡረተኞች ናቸው።

የአንዱን ልንገራችሁ። ጡረታ የሚገባ ቀን ልጁ የባንክ ካርዱን ይዞ ይወጣል። ምስጢር ቁጥሩንም ያውቃል። ተመልሶ መጥቶ ትንሽ ብር ይወረውርለትና «እንካ አባባ፣ ለሻይ» ይለዋል። በገዛ ገንዘቡ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሐዲድ ላይ ለፍቶ ባገኘው ገንዘብ የሻይ ተመጽዋች ሆነ። «ለምን ካርድህን አትቀበለውም?» ስለው «ተጣልቼው የት ላድር ነው?» አለኝ። «ክሰሰው» ብንለው ደግሞ ጭራሽ ተቆጣን። ልጄን አሳስሬ በየትኛው ፊቴ ሰፈር እውላለሁ ነው የሚለው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል። ስንቶቻችን እንዲህ ነን መሰላችሁ።

ስለ በዓላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ አትቀየሙኝ። እኔ እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኑ ትሉናላችሁ። ባለሥልጣኑ አምስት ሰዓት ይደርሳል። ድንኳኑ ለእንግዳው ነው፣ ፀሐዩ ለእኛ። ወንበሩ መደገፊያ የለውም። ሽንት ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። መርቁ ስትሉን እንመርቃለን፣ ፎቶ ስትሉን እንነሳለን። ካለቀ በኋላ ባጃጅ የሚይዝልን ጠፍቶ ዱላችንን ተደግፈን በእግራችን እንመለሳለን። አረጋዊ ማክበር ማለት ይሄ ከሆነ እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝ።

አቦ ተወኝ

አባባ፣ አንጀቴን በላኸው። (አንተ እያልኩህ ነው፤ የድሬ ሰው ነህና አትቀየመኝም።) ለጓደኛህ አዲስ ካርድ እናስወጣለት። ባንክ ሄዶ የድሮውን ማዘጋት ይችላል። እኔ ራሴ በባጃጄ እወስደዋለሁ፣ ሒሳብ የለም።

ባቡረኛው ጡረተኛ

ተባረክ ልጄ። እነግረዋለሁ። እሺ ማለቱን እንጃ።

የአፈተ ኢሳዋ

ስለ ብሔር አታንሱ ላለው ኮሚቴ መልስ አለኝ።

አዬዮዬ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ሶማልኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ኦሮምኛ ትሰማለች፣ አማርኛ ግን «እንደምን ነህ» ላይ ያልቃል። ቤቷን የሚፈልገው የአጎቴ ልጅ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ይዟት ሄደ። ማን አስተረጎመ? እሱ ራሱ! በአጋጣሚ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። እሷ «ቤቴን አልሸጥም፣ ከቤቴ ሬሳዬ ይውጣ» አለች። እሱ ለጸሐፊው «ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እሱ ያስተዳድርልኝ እያለች ነው» ብሎ ተረጎመ። ጸሐፊው ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። እኔ ባልጮህ ኖሮ ጣቷ ቀለም ነክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለጌ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቤተሰብ አዋረድሽ ተብዬ።

ድሬ አምስት ስድስት ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት እያልን እንኮራለን። ወጣቱ በሁሉም ይቀልዳል። አሮጊቷ ግን አንድ ቋንቋ ነው ያላት፣ እሱም ቢሮ ውስጥ አይሠራላትም። በዳይዋ አፏ ሆኖ ይገባል። ልዩነታችንን ስታከብሩ ልብሱን ብቻ አይሁን። ለእያንዳንዷ አረጋዊት በራሷ ቋንቋ የሚያናግራት፣ ዘመዷ ያልሆነ ሰው አዘጋጁላት።

አቦ ተወኝ

ወላሂ ይሄ ከባድ ነው። ግን የኢሳ ሽማግሌዎች የሉም እንዴ? ኄር ኢሳ እኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የመዘገበው የኢሳዎች ባህላዊ ሕግ ነው። እዚያ ብትወስዱት አይፈታም?

የአፈተ ኢሳዋ

ብዙ ነገር ይፈታል፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። የአዬዮዬ ቃል እዚያ የሚደርሰው በወንድ ዘመድ አፍ ነው። ያ ወንድ ዘመድ ማን እንደሆነ ከላይ ነገርኩህ።

ጠበቃ ነኝ

ጥያቄው ወደ ቤትና ውርስ ስለገባ ትንሽ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ባለሙያ ማማከር እንዳለ ሆኖ፣ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ድሬዳዋ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራባት ከተማ ናት። ሐረሪና ኦሮሚያ የየራሳቸው አላቸው። በዚህ አዋጅ ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም አለበት። ሠርቶ ማደር ያቃተው ችግረኛ ወላጅ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የፍትሐ ብሔር ነው እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም። ለባቡረኛው አባት ጓደኛ ይሄ ይነገራቸው። «ክሰስ» ሲባል ሁሉም ሰው የሚታየው ካቴና ነው።

ሁለተኛ፣ በብዛት የሚያጋጥመኝ የባልቴቶች ጉዳይ ነው። አባት ይሞታል። ልጆች ገና ሐዘኑ ሳይወጣ «የአባታችን ድርሻ» ብለው ይመጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህን ሲሰሙ ብዙ እናቶች ቤቱ ሙሉ በሙሉ የልጆች ነው ብለው ይደነግጣሉ፣ ሻንጣ የሚያዘጋጁም አሉ። ስህተት ነው! በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ መጀመሪያውኑ የእሷ ነው። ልጆች የሚወርሱት የአባትን ግማሽ ብቻ ነው። ሙስሊም ሆነው ሁሉም ተስማምተው ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከወሰዱት ደግሞ ስሌቱ ይለያል፤ ሟች ልጆች ካሉት ሚስት ከውርሱ ስምንተኛ እጅ አላት። ስምምነት ግድ ነው፤ ያልፈቀደን ሰው ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ አይቻልም። እንግዲህ በአንድ ሰፈር ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ባልቴቶች ሒሳባቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። «ጎረቤቴ እንዲህ አለችኝ» ብሎ መፈረም አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ ውክልና። የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ለሽያጩ ተብሎ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ኑዛዜም እንደዚሁ በሕይወት እስካሉ ድረስ ይቀየራል። ስጦታ ግን ሌላ ነው። «ለታክስ ይቀላል፣ አሁኑኑ በስጦታ አዙሪልኝ» የሚል ልጅ ሲመጣ ቆም ማለት ነው። አንዴ የተላለፈ ቤት ለመመለስ የሚፈጀውን ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። አረጋዊው ዓመት የለውም።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ ዝም ብሎ አይቅር። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት አሠራር አለ፤ ጠይቁ።

ደከመኝ ሰፈረ ገንደ ቆሬ

ሁላችሁም በዳይ በዳይ ትላላችሁ። ከሌላኛው ወገንም ስሙ።

እናቴ የመርሳት ችግር አለባት። ሌሊት ተነስታ «ባቡሩ አመለጠኝ» ብላ በር ትደበድባለች። ቀን ቀን ደግሞ እኔን የቤት ሠራተኛ አድርጋኝ «ወርቄን አምጪ» ትለኛለች፤ ጎረቤት ጠርታ ሰረቀችኝ ትላለች። በሩን የምቆልፈው አንዴ ወጥታ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስለተገኘች ነው። ወንድሞቼ አራት ናቸው። አንዱ አዳማ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ ሁለቱ እዚሁ ድሬ። ዓርብ ዓርብ መጥተው ግንባሯን ስመው፣ ለምን ከሳች ብለው እኔን ተቆጥተው ይሄዳሉ። አንዳቸውም አንዲት ሌሊት አድረውላት አያውቁም።

መድረክ ላይ ወጥታችሁ «በር የሚቆልፉ ልጆች» ካላችሁ ሰፈሩ በሙሉ ዞሮ እኔን ነው የሚያየው። በሉ እንዴት ልሁን?

ነርሷ

እህቴ፣ አንቺን ማንም በዳይ አይልሽም። እንዲያውም ጽሑፍሽ ለፕሮግራሙ ከሁሉም ይጠቅማል። አንድ ሰው ለብቻው ሲሸከም ነው ነገር የሚበላሸው። የመርሳት ችግር ሲጨመርበት ደግሞ ለሁለቱም አደጋ ነው።

ቆልፎ ሰው ሳይኖር መውጣት ግን አደገኛ ነው፣ እሳት ቢነሳስ? ከሱ ይልቅ የግቢው በር ላይ ስትወጣ የሚጮህ ነገር እሰሪ፣ ቃጭልም ቢሆን። ስሟንና ስልክሽን የያዘ ነገር አንገቷ ላይ ይሁን። ድሬ ያሉት ሁለት ወንድሞችሽ ደግሞ የሌሊት ተራ ይያዙ። ካልቻሉ ሌሊት የሚያድር ሰው ቀጥረው ይክፈሉ። ግንባር መሳም ተራ አይሆንም። እንድትመረመር ደግሞ ይዘሻት ነይ፤ አንዳንዴ ሌሊት የሚያናውዛቸው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሆኖ ይገኛል፣ እሱ ይታከማል።

ደከመኝ ሰፈረ ገንደ ቆሬ

የሽንቱን አላውቅም ነበር። አመጣታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ባህር ማዶ ያለሁ

እኔ በየወሩ ለእናቴ ብር እልካለሁ። በእህቴ ልጅ ሒሳብ ነው የሚገባው። ቪዲዮ ስደውል ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው። «ደረሰሽ ወይ?» ስላት እሱን ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ «ደርሶኛል» ትላለች። በነርሷ ጽሑፍ ምክንያት ዛሬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?

ጠበቃ ነኝ

በስሟ ሒሳብ ይከፈት። እስከዚያው ልጁን ሳትወነጅል ሌላ መንገድ ጨምር።

አቦ ተወኝ

ሱቁን ያዝ ባክህ! ሰፈሯ ባለሱቅ ይኖራል። ዘይቱን፣ ሩዙን፣ ሳሙናውን በቀጥታ ለሱ ክፈለው፣ ለእሷ እጅ ብቻ እንዲሰጥ ንገረው። እኔ የሰፈሬን ባለሱቅ ከባንክ በላይ ነው የማምነው። በዚያ ላይ ባለሱቅ ማን ምን እንደሚበላ ያውቃል። እማማ ሳምንት ካልላከች የሚጠይቀው እሱ ነው።

ባህር ማዶ ያለሁ

ይሄን አላሰብኩም ነበር። ከጓሮ የምትኖር የልጅነት ጓደኛዋም አለች። በሷ ስልክ እደውላለሁ።

የጁገል ልጅ

ከሐረር ነኝ፣ ዘግይቼ ደረስኩ። በኛ አፎሻ፣ በእናንተም ዕድር፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ቡናው፣ ሰዉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገኛል። ማን ያልተገኘ እንደሆነም ይመዘገባል። ይሄ መዋቅር እያለ አዲስ ማኅበር ማቋቋም ትርፉ ድካም ነው። አባል የሆነ አረጋዊ ሁለት ስብሰባ ከቀረ ሁለት ሴቶች ሄደው ይዩት፣ ቤተሰቡ ሳይጠራቸው። ቡና ይዘው ቢሄዱ ማን ይከለክላቸዋል? ደግሞ የሚሄዱት አንዷ ቋንቋውን የምትችል ትሁን።

የኮሚቴውን ፍርሃት ግን እረዳዋለሁ። ሶማሌ መድረክ ላይ ስለ ኦሮሞ ቤት፣ ኦሮሞ ስለ አማራ ቤት ከተናገረ ነገር ይበላሻል። ሁሉም የራሱን ይናገር።

የሳቢያን ልጅ

ወገን፣ ይሄን ሁሉ ይዤ ኮሚቴው ጋ ገባሁ። የባቡረኛውን አባት ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ለቅሶ አታምጣ» ያለኝ ልጅ ዝም አለ፤ ባለፈው ዓመት ባጃጅ ሳይዝላቸው የቀረው እሱ ነበር።

የተስማማነው ይሄ ነው። ጭፈራውና ምግቡ ይቆያል፣ ሰው የሚመጣው ለሱ ነውና። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆነ፣ ፀሐይ ሲበርድ። የባለሥልጣን ንግግር አንድ፣ እሱም አረጋውያኑ ከተናገሩ በኋላ። የየማኅበረሰቡ አንድ ሰው ስለ ራሱ ቤት ብቻ በቋንቋው አጭር ነገር ይናገራል። ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ለይተናል፦ አንዱ ውስጥ የደም ግፊትና ስኳር ይለካል፣ በር ላይ የተጻፈውም እሱ ብቻ ነው። ቤተሰብ ውጭ ይጠብቃል። ውስጥ ነርስና ቋንቋ የሚችል ሰው አለ። የሚወራው እዚያ ነው። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሕግ ጥያቄ የሚመልስ ይቀመጣል። ክስ የሚከፍት የለም፣ ስም የሚጠራ የለም። አረጋዊው ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር ጉዳዩ ከክፍሉ አይወጣም።

የቀረን ሰው ነው። ኦሮምኛ ሁለት አግኝተናል። ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና ጉራጊኛ እንፈልጋለን። ሴት ብትሆን ይመረጣል። የሳቢያን ሰው ባይሆን ይሻላል፣ ዘመድ እንዳይገጥመን።

የአፈተ ኢሳዋ

ሶማልኛው ላይ እኔን ጻፈኝ። አንዲት ጓደኛም ይዤ እመጣለሁ።

ነርሷ

የግፊት መለኪያ ሁለት አለኝ። የስኳር ስትሪፕ ግን ግዙ፣ ውድ ነው።

የጁገል ልጅ

ሐረሪኛ እናቴ ትመጣለች። ወደ ሐረር መመለሻ ትራንስፖርት ማታ ስለሚቸግር ማደሪያ አዘጋጁላት።

አቦ ተወኝ

እኛ ቤት ታድራለች፣ እናቴ ደስ ይላታል። ሦስት ባጃጅም ይዤ እመጣለሁ፣ አምጥተን እንመልሳለን። ሙሸበኩን ግን አትርሱ።

ባቡረኛው ጡረተኛ

ጓደኛዬ ካርዱን አላስቀየረም። በዓሉ ላይ ግን ግፊቴን ልለካ እመጣለሁ ብሏል። ወንበሮቹ መደገፊያ አላቸው?

የሳቢያን ልጅ

አላቸው አባባ። ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሠርግ ቤት ነው የተከራየነው።